ይህ ባቡር የማን አምሳል ነው?

ባለፈው ዕትም ስለ ልጆች የእጅ ሥራ ጥቂት ካልን ወዲህ፣ ወላጆች ልጆቻቸው የሠሩትን እያንጠለጠሉ ወደ ክፍላችን ብቅ ማለት ጀምረዋል። የሚበዛው መኪና ነው፤ ላንድክሩዘር፣ የእርዳታ እህል የሚጭን ሎሪ፣ ሪክሻ። ስለ መኪናው የሚጠይቀን የለም፤ ልጁ ራሱ ስሙንም ሞዴሉንም ይነግራችኋል። ከጣሳና ከሽቦ የተሠራ ባቡር የመጣ ለታ ግን አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ "ቲቸር፣ ይሄ የትኛው ባቡር ነው?"

የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ባቡር ሁሉ አንድ አይደለም። ሰው ጣሳ ቆርጦ ባቡር ሲሠራ ከልቡ የሚያወጣው አንድ ቀን በዓይኑ ያየውን ነው። ያየው ድሬዳዋ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ አስመራ፣ ገዳሪፍ ወይም አትባራ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ቦታዎች ይሄዱ የነበሩት ጎታቾች (ሎኮሞቲቭ የሚባለውን፣ ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን ማለታችን ነው) በእግራቸው ቁጥርና በውኃቸው ማስቀመጫ ይለያያሉ። ስለዚህ የጣሳውን ባቡር በደንብ ያየ ሰው ዋናውን ያገኛል። ዋናውን ያገኘ ደግሞ ሠሪው የት ቆሞ እንዳየው ይደርስበታል። ዛሬ የምናወጋው ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም እንላለን።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ሳንል አንለፍ። "ባቡር" ብዙ አገር ዞሮ የመጣ ቃል ነው። ፈረንሳዮች እንፋሎትን "ቫፐር" ይላሉ፤ ቱርኮች የእንፋሎት መርከብን "ቫፑር" አሉት፤ ዐረቦች "ባቡር"፣ "ዋቡር" አደረጉት፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሐዲድ ላይ ለሚሄደውም ለእህል ወፍጮውም ስም ሆነ። ሱዳን ስንገባ ደግሞ ባቡርን "ገጠር" ሲሉት ሰማን። አዲስ የገባ ስደተኛ "ገጠሩ መጣ" ሲባል የትኛው ገጠር ነው ተነቅሎ የሚመጣው ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም! በአዲስ አበባ ደግሞ ሐዲዱ ከመግባቱ በፊት የታወቀ ሌላ ባቡር ነበረ፤ የሰርኪስ ባቡር። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው፣ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መዳመጫ ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ አያቱ እንደነገሩት ሰፋፊ ጎማ ያለው፣ ሐዲድ የማይፈልግ "ባቡር" ሠርቶ ቢመጣ አትሳቁበት። የእሱም ዋናው በእርግጥ የነበረ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የሚደረገው እግር መቁጠር ነው። የእንፋሎት ባቡር ሦስት ዓይነት እግር አለው። ከፊት ትንንሾቹ መንገድ የሚመሩት ናቸው፤ መካከል ላይ በረጅም ብረት የተያያዙት ትልልቆቹ የሚገፉት ናቸው፤ ከኋላ ትንንሾቹ ምድጃውን የሚሸከሙት ናቸው። አንዳንዱ ከፊት የለውም፣ አንዳንዱ ከኋላ የለውም። ቁጥሩ ሲጻፍ በዚሁ ተራ ነው፤ ከፊት አራት፣ መካከል ስምንት፣ ከኋላ ሁለት ከሆነ 4-8-2 ይባላል።

በዚህ ቁጥር የተነሳ ጀብራ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ጀብራን ለማታውቁት፣ ደቡብ ካርቱም ያለ ሰፈር ነው፤ ብዙ ሐበሻ በየሆሹ ክፍል ተከራይቶ ለብዙ ዓመታት የኖረበት። እኛም እዚያ ልጆች እናስተምር በነበረበት ጊዜ አንድ ቆርቆሮ ቤት የሚውል ጎረምሳ ክንድ የሚያህል ባቡር ሠርቶ አመጣ። ከአትባራ ወርክሾፕ በቀን ሠራተኝነት ብዙ ዓመት የቆዩ አንድ አባት አገላብጠው አዩና "4-8-2፣ የሱዳን ነው" አሉ። ከድሬዳዋ ጋራዥ በጡረታ የወጡት ደግሞ ቀበል አድርገው "ምን ስምንት አለው? 2-4-1 ነው!" አሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ስምንት እግር እያየህ አራት ትላለህ? መነጽርህን የት ጣልከው?"

"እግር ማን ይቆጥራል የኔ ጌታ! የሚቆጠረው ዘንጉ ነው!"

ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። ለካ ሁለቱም ትክክል ናቸው። እንግሊዞች የሚቆጥሩት እግሩን በሁለቱም ወገን ነው። ፈረንሳዮች ግን ሁለት እግር የሚያያይዘውን ዘንግ ስለሚቆጥሩ፣ እንግሊዝ 4-8-2 ያለውን ፈረንሳይ 2-4-1 ይለዋል። የሱዳን ሐዲድ የእንግሊዝ ሥራ ነው። የጅቡቲ መሥመር ግን የፈረንሳይ ነበር፤ የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኛም ሥራውን የተማረው በፈረንሳይኛ ነው። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ቋንቋቸው ሳይሆን ቁጥራቸው ነበር የተለያየው።

የጎረምሳው ባቡር ግን በእርግጥ የሱዳን ነበር። ዋናው 500 ክፍል የሚባለው ነው። በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ኖርዝ ብሪቲሽ የተባለው ፋብሪካ በ1954 እና 1955 ለሱዳን ምድር ባቡር 42 ሆኖ የሠራው፣ ከሱዳን የእንፋሎት ጎታቾች ግዙፎቹ ከሚባሉት አንዱ። ጎረምሳው አትባራን አያውቅም፤ የሠራው አንድ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ቤት ግድግዳ ላይ ካየው ፎቶግራፍ ነው። አትባራ የባቡሩ ዋና መሥሪያ ቤትና ወርክሾፕ ያለባት ከተማ ስትሆን ሱዳኖቹ "የብረትና የእሳት ከተማ" ይሏታል።

ሁለተኛው ምልክት ውኃው ነው። የእንፋሎት ባቡር እንደ ጀበና ነው፣ ውኃው ካለቀ ሥራም አለቀ፤ ከጀበናም የሚብሰው ውኃ ሳይኖረው እሳት ቢነድበት ይፈነዳል። ስለዚህ ውኃውን የት ይዟል ብላችሁ ተመልከቱ። ከኋላው ለብቻው የተቀጠለ ጋሪ ካለው ሩቅ የሚሄድ ነው። ከሆዱ ግራና ቀኝ ሣጥን የመሰለ ነገር ከተለጠፈበትና ጋሪ ከሌለው ደግሞ በየቅርቡ ውኃ የሚያገኝ፣ ወይም ጠመዝማዛ መንገድ የሚሄድ ነው። የሱዳኑ ጋሪ ለምን እንደሚያስፈልገው ለመረዳት የዋዲ ሃልፋን መንገድ ማሰብ ይበቃል። የኪችነር ጦር በ1897 ከዋዲ ሃልፋ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ወደ አቡ ሐመድ ሐዲድ ሲዘረጋ፣ በመካከል ያሉት ጣቢያዎች ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ 1 ቁጥር፣ 2 ቁጥር እየተባሉ እስከ 10 ሄዱ። ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ የተገኘው 4 ቁጥርና 6 ቁጥር ላይ ብቻ ነበር። ሐዲዱ በ1899 ማብቂያ ካርቱም ባሕሪ፣ በ1924 ከሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ ደረሰ። ብዙዎቻችን ስንሰደድ ያገኘነው ሐዲድ ይኸው ነው።

ሦስተኛ ምልክት አድርገው የሐዲዱን ስፋት የሚለኩ አሉ። እኛ አንመክርም። የሱዳኑ 1,067 ሚሊ ሜትር፣ የጅቡቲ አዲስ አበባው 1,000፣ የኤርትራው 950 ነበር። ባቡሩ ከዋናው 40 ጊዜ አንሶ ተሠራ እንበል። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች አስሉት፤ በሱዳኑና በጅቡቲው መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም! የቆርቆሮ መቀስ ደግሞ ለ2 ሚሊ ሜትር አይታመንም። እግርና ውኃ ይበቃናል።

አሁን ወደ አንድ የተለየ ባቡር እንምጣ። ባለቤቶቹ እንድንጽፍ ፈቅደውልናል፣ ስም ግን አንጠራም። አንዲት እናት ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ጋር ይዘውት የመጡት ነው። የሰርዲን ቆርቆሮ ተበይዶ የተሠራ፣ የእጅ ስንዝር ተኩል የሚሆን። የሠሩት የልጁ አባት ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም ጀብራ ላይ አርፈዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ፣ ጀብራም ተኩስ ከበረታባቸው ሰፈሮች አንዷ ስትሆን፣ ቤተሰቡ ፎቶግራፉንም ወረቀቱንም ጥሎ ነው የወጣው። ልጁ ይህን ባቡር በዱቄት ከረጢት ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። ከአባቱ እጅ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ልጁ የሚያሳስበው ሌላ ነበር። ጓደኞቹ "አባትህ ባቡር አያውቁም ነበር፣ ተሳስተው ነው የሠሩት" ይሉታል። ለምን ቢባል፣ እንደሌላው ባቡር ሁለት ሲሊንደር ሳይሆን አራት አለው፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከሆዱ ሥር። በዚያ ላይ የፊቶቹ ከኋለኞቹ ይወፍራሉ። እግሮቹም አራት አራት ሆነው ለሁለት ተከፍለዋል። ደግሞም ጭራሽ አይዞሩም፤ ከነዘንጋቸው ተበይደዋል።

እግሩን ቆጠርን፤ ከፊት መሪ የለም፣ አራት ገፊ፣ እንደገና አራት ገፊ፣ ከኋላ የለም። ውኃውን አየን፤ ጋሪ የለውም፣ ግራና ቀኝ ሣጥን አለው። የተሳሳተ ነገር የለበትም! ይህ ማሌ የሚባለው ዓይነት ነው። አናቶል ማሌ የተባለ ስዊዘርላንድ የተወለደ መሐንዲስ ያወጣው ብልሃት ሲሆን፣ በእኛ አካባቢ የታወቀው በምጽዋ አስመራ መሥመር ነው። የጣሳው ባቡር ቁርጥ አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ በ1938 የሠራቸውን 442 የሚባሉትን ይመስላል።

ብልሃቱ በቡና ይገባል። እንፋሎቱ መጀመሪያ የሚገባው ከኋላ ባሉት ቀጫጭን ሲሊንደሮች ነው፤ ይህ አቦሉ ነው፣ ኃይለኛ ነው። እዚያ ከገፋ በኋላ አይጣልም፤ ወደ ፊተኞቹ ይሄዳል። አሁን ቶና ሆኗል፣ ደክሟል፤ የደከመ እንፋሎት ያንኑ ያህል እንዲገፋ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ የፊተኞቹ የወፈሩት ለዚህ ነው። የፊት እግሮቹ ደግሞ ከሆዱ ጋር አልተቸነከሩም፤ መታጠፊያ ላይ ግራና ቀኝ ይላሉ። ከምጽዋ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ አስመራ ለመድረስ ባቡሩ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይወጣል፤ በዋሻና በገደል አፋፍ እየተጠማዘዘ ነው። ረጅምና ደረቅ የሆነ ጎታች እዚያ አይታጠፍም።

ይህን ስንናገር አብሮን የነበረ አንድ ጎረቤት ፈጠን ብሎ "እንግዲያው አባትየው ኤርትራዊ ነበሩ ማለት ነው፣ ደብቀዋችኋል" አለ። በስደት ላይ እንዲህ ያለ ቃል ቀላል አይደለም። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወረቀታችን ላይ የተጻፈው አገር የምዝገባችን መሠረት ነው፣ ወሬውም ከወረቀቱ ይፈጥናል። ስለዚህ ቁርጥ አድርገን ተናገርን፤ የጣሳ ባቡር የሠሪውን ዓይን ይናገራል እንጂ የትውልድ መንደሩን አይናገርም። ባቡር እንለያለን፤ ሰው አንለይም።

እናትየው ዝም ብለው ቆዩና ልጃቸውን እያዩ ተናገሩ። ባለቤታቸው ጎጃም የተወለዱ ናቸው። ወታደር ነበሩ። አስመራ ነበሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም ጦሩ ሲበተን ከብዙ ሺህ ባልደረቦቻቸው ጋር በእግራቸው ወደ ሱዳን ገቡ። ስለዚያ ዘመን ለልጆቻቸው አንስተው አያውቁም፤ ልጁም አባቱ አስመራን ማየታቸውን የሰማው ያን ቀን ነው።

"እግሩ ለምን አይዞርም?" ብለን ጠየቅን።

"እኔም ብዬው ነበር፤ ለልጅ የሚሠራ ነገር ይዙር እንጂ አልኩት። 'እኔ ሲዞር አላየሁትም' አለኝ" አሉ።

ነገሩ እውነት ነው። የኤርትራ ባቡር በጦርነቱ ምክንያት በ1970ዎቹ አጋማሽ ቆሞ ነበር። ሐዲዱና ከሥሩ ያለው ብረት እየተነቀለ በሁለቱም ወገን ለምሽግ ዋለ። እኒያ አባት አስመራ ሲደርሱ ጎታቾቹ ቆመው ነው የሚያገኟቸው። ልጁ ይህን ሲሰማ ባቡሩን ገልብጦ ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰው፤ እኛም ለጥቂት ጊዜ ሌላ ወሬ አላመጣንም። በኋላ ግን የቀረውን ነገርነው። ከ1994 ጀምሮ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ ሐዲዱን ከየምሽጉ ለቅመው፣ እነዚያኑ ማሌዎች ጠግነው አስነሱ፤ በ2003 መሥመሩ ከምጽዋ እስከ አስመራ እንደገና ተገጠመ። አባቱ ቆመው ካዩአቸው መካከል እንደገና የዞሩ አሉ ማለት ነው።

አሁን ማስጠንቀቂያ። ሁሉም የጣሳ ባቡር እንዲህ ታማኝ አይደለም። ልጆች መጽሐፍ ላይ ያዩትን ይጨምሩበታል፤ ከሁሉ የሚጨምሩት ጭስ ማውጫ ነው። አንዲት ተማሪያችን የአባቷን የድሬዳዋ ባቡር ሠርታ ስታመጣ መስኮቱ ብዙ፣ ፊቱ ክብ፣ እግሩ የማይታይ፣ እላዩ ላይ ግን የዘይት ቡሽ የሚያህል ጭስ ማውጫ ተተክሎበታል። መስኮቱን ያየ ሰው ወዲያው ያውቃል፤ ይህ ሊቶሪና ነው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያመጣው፣ ሎኮሞቲቭ ሳያስፈልገው በራሱ ሞተር ሰው ጭኖ የሚሄድ። "ጭስ ማውጫውን አባባ ናቸው ወይስ አንቺ?" ስንላት "እኔ ነኝ፣ ባቡር እንዲመስል" አለች። የጅቡቲ መሥመር በምኒልክ ፈቃድ በ1894 ተፈቅዶ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በእርግጥ በእንፋሎት ነበር። በ1950ዎቹ ግን የናፍጣ ጎታቾች እየተተኩበት ሄዱ። ስለዚህ ዛሬ ሃምሳ ስድሳ ዓመት የሆነው የድሬዳዋ ልጅ የሚያስታውሰው ባቡር በአብዛኛው የሚጨስ አይደለም። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ መሥመር ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው፤ እሱን የሚሠሩ ልጆች ጣሪያው ላይ ሽቦ ያድርጉ፣ ጭሱን ይተዉት።

በእርዳታ ልብስ መካከል የመጣው ሰማያዊው የፕላስቲክ ባቡርም፣ ያ ፊት ያለው፣ ብዙ ተጠይቆበታል። ስሙ ቶማስ ነው። እንግሊዝ አገር ዊልበርት ኦድሪ የተባሉ ቄስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኩፍኝ ይዞት ለተኛ ልጃቸው የባቡር ተረት ያወሩለት ነበር፤ በኋላም ከትርፍራፊ እንጨት ትንሽ ባቡር ሠሩለት። ተረቱ መጽሐፍ ሆኖ ቶማስ በ1946 ሲወጣ፣ ሠዓሊው አምሳል ያደረገው በ1913 እና በ1916 መካከል ብራይተን ላይ የተሠሩትን ኢ2 የሚባሉ አሥር ጎታቾች ነው። ቁጠሩት፤ ስድስት እግር፣ ሁሉም ገፊ፣ ውኃው በጎንና በጎን፣ ጋሪ የለም። ዋናዎቹ አሥሩም እስከ 1963 ተሰባብረው ቁርጥራጭ ብረት ሆነዋል፤ ዛሬ አምሳላቸው እንጂ አንዱም የለም። ልጆቹ "ፊት ያለው ባቡር አለ ወይ?" ብለው ሲጠይቋችሁ ፊቱ የተረት፣ እግሩ ግን የእውነት ነው በሏቸው።

እንግዲህ ቤታችሁ የጣሳም የእንጨትም ባቡር ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዛችሁ ኑ። ሠሪው በሕይወት ካለ አብሮ ይምጣ፤ የት ቆሞ እንዳየው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጠይቀን ከባቡሩ ሆድ ሥር በሚስማር ጫር አድርገን እንጽፍበታለን። በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ክረምት አያልፍም። ድሬዳዋ፣ አስመራ ወይም አትባራ የሠራችሁ አባቶች ደግሞ መጥታችሁ እግር ብትቆጥሩልን ቡና በእኛ ነው፤ በእግርም ቁጠሩ በዘንግ፣ አንጣላም። አዲስ መሥራት ለሚፈልጉ ልጆች ሽቦና ፒንሳ ክፍል ውስጥ አለ። ጣሳውን ግን ከቤት አምጡ፤ ለሆዱ የዘይት፣ ለጋሪው የሰርዲን ይሆናል፤ ለእግር ቆርኪ በብዛት ያስፈልጋል፣ በተለይ ማሌ መሥራት የሚፈልግ ካለ።